በመርፌውና በጆሯቸው መካከል

«ጋሽ አስናቀ ትንሽ አሟቸዋል፤ ከቻልሽ ብቅ በይ» ብላ እህቴ ከደባርቅ ስትደውልልኝ ወዲያው ገባኝ። በእኛ አገር የታመመ ሰው «ታመመ» ይባላል። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በይ» የሚባለው ለሞተ ነው። ሁለታችንም ያወቅነውን አንዳችንም ሳንናገረው ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ከጎንደር በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳባት ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ነጠላዬን መዘቅዘቄን አይተው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ፤ ማንሽ ነው?» አሉኝ። አባቴ አይደሉም፤ ዘመዴም አይደሉም። «አስተማሪዬ» አልኩ።

ጋሽ አስናቀን ደባርቅ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያውቃቸው «ደንቆሮው ሬዲዮ ሠሪ» ብሎ ነው። ለእንግዳ ቀልድ ይመስላል። «ጆሯቸውን የወሰደው መርፌው ነው» ይላል የአገሩ ሰው። እውነት ነው። ግን በመርፌውና በጆሯቸው መካከል እኔ በእጄ የሠራኋት አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ስለ ሳጥኗ ለቅሶ የመጣው ሰው አያውቅም። እኔ ግን ስለ ጋሽ አስናቀ ልጻፍ ካልኩ እሷን ትቼ መጻፍ አልችልም።

ያወቅኋቸው ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ክረምት ነው። አባቴ «ግድግዳ ስታዪ ከምትከርሚ» ብሎ ከመነኻሪያው ዝቅ ብላ ወደምትገኘው አንድ በር የቆርቆሮ ሱቃቸው ወሰደኝ። አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ድረስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። የመነጽራቸው አንዱ እግር በመዳብ ሽቦ ታስሯል።

«ምን ተማርሽ?» አሉኝ።

«ኤሌክትሪካል።»

«መበየጃ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ላቦራቶሪ ውስጥ… አንድ ጊዜ… በቡድን።»

«በቡድን!» ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። «እንግዲያው የቀሩትን እጆች የት ትተሃቸው መጣህ?»

አባቴ ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ኢንጂነሯ» ሆነ። በሳምንት ውስጥ ጣቴን ሦስት ጊዜ አቃጠልኩ። በተቃጠልኩ ቁጥር «ወረቀት ላይ ያለ ሬዚስተር አይሞቅም፤ አሁን ተማርሽ» ይሉኛል።

ሬዲዮ ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እንደ እንቁላል ያናውጡታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ያዳምጡና «አንድ ብሎን ወልቋል» ወይም «ድምፅ ማጉያው ተቀዷል» ይላሉ። ተሳስተው አላየሁም። ያ ጆሮ የሠላሳ ዓመት እንጀራቸው ነበር።

ደግሞ አይዋሹም። አንድ ቀን ከጊች አንድ ገበሬ ሬዲዮውን በበግ ለምድ ጠቅልሎ፣ በበቅሎ ጭኖ መጣ። ጋሽ አስናቀ ከፍተው አዩትና «ሞቷል» አሉት።

«ኧረ ጋሽ አስናቀ፣ ትናንት እንኳ ትንሽ ትንሽ ይል ነበር።»

«ይል የነበረው የመጨረሻውን ነው። አልዋሽህም። ሌላ ግዛ።»

ሰውየው ለምዱን መልሶ ሲጠቀልል እጁ ቀስ አለ። ከወጣ በኋላ እንደምንም ደፍሬ «ትንሽ ቢያጽናኑት ምናለበት» አልኳቸው።

«አጽናንቼው ባትሪ ሲገዛለት ይክረም? የሞተን ሞተ ካላልሽው ሰውየው የሚሠራውን አያገኝም።»

ትክክል እንደሆኑ ይገባኝ ነበር። ግን ለእኔ ያ ነገር የሚቻል አይመስለኝም። ያደግሁት ክፉ ወሬ ዝም ብሎ በማይነገርበት ቤት ነው። መርዶ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ በማለዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቀስ ተብሎ። እስከዚያ ያወቀ ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋል። አንዲት ልጅ ተነሥታ ለአባቷ እኩያ ክፉ ወሬ ብትናገር ድፍረት ነው። ይህንን ማንም አላስተማረኝም። እንደ መራመድ ነው የለመድኩት።

ሁለት ነገር ግን ከመጀመሪያው ግራ ይገባኝ ነበር። አንደኛው፣ ደባርቅ በሐምሌ ብርድ ጉም እስከ መደርደሪያው እየገባ የሱቁ በር ሁልጊዜ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እኔ ደግሞ የምቀመጠው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው። «የብየዳው ጢስ ይጎዳሻል» ይሉኛል። ሁለተኛው፣ በየማለዳው ሦስት ሰዓት ሲሆን «ጉዳይ አለኝ» ብለው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ አንድ ጎናቸውን ሸሽተው ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ፣ አያ ሙላት፣ ባያቸው ቁጥር ይጮህባቸዋል።

«አስናቀ! ዛሬም ከውሽማህ ዘንድ?»

«ዛሬም።»

«ምን አይነቷ ናት በየቀኑ እያነከስክ የምትመልስህ!»

ጋሽ አስናቀ ጋቢያቸው ውስጥ ይስቃሉ። እኔ አፍራለሁ። እውነቱን ያኔ የሚያውቁት እሳቸው፣ ባለቤታቸውና የጤና ጣቢያው ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው በየቀኑ መርፌ ይወጉ ነበር። በሽታው ከእሳቸው አልፎ የማይተላለፍ ከሆነ በኋላም ስሙን የሰማ ሰው ሬዲዮ ይዞ እንደማይመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ የውሽማውን ቀልድ ዝም ብለው ተቀበሉ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ «ኢንጂነሯ፣ አንድ ማሽን ሥሪልኝ» አሉኝ። «ቁልፏን ሳዞር ድምፅዋ ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ። የት ላይ እንደደረሰችም ቁጥር ይኑራት።»

«ለምን ይሆንዎታል?»

«ድምፅ ማጉያ ልፈትሽባት።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሰው ከእኔ የፈለገው ነገር። ከተበላሸ የመኪና ማንቂያ ውስጥ ሁለት የታይመር ቺፖች ነቅለን አወጣን፤ ስምንት ስምንት እግር ያላቸው፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጡ። ሥራቸውን እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ካፓሲተሯ ኤሌክትሪክ እንደሚጠራቀምባት ማሰሮ ናት። ቺፗ ማሰሮዋ እየሞላች ሁለት ሦስተኛ ስትደርስ ታፈሳታለች፣ አንድ ሦስተኛ ሲቀር መልሳ ታስሞላታለች። ይህ መሙላትና መፍሰስ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ከሆነ ቀጭን ድምፅ ነው፤ መቶ ጊዜ ከሆነ ወፍራም። ቁልፉ ውሃው የሚመጣበትን ቧንቧ ያጠብባል፣ ያሰፋል። ማሰሮዋ ትልቅ ከሆነች ለመሙላት ትዘገያለች፣ ድምፁ ይወርዳል።

«እንዲህ ብለው ቢያስተምሯችሁ ኖሮ እጅሽም ይማር ነበር» አሉ።

ስሌቱን ሠርቼ፣ በየእግሯ ሽቦ በይጄ አበራኋት። ጮኸች። ቁልፉን እስከ መጨረሻ ሳዞረው ቺፗ ጭስ አወጣችና ዝም አለች። ጋሽ አስናቀ ወረቀቴን አንሥተው አዩ። «ቁልፉ ዜሮ ሲሆን ምን ይቀራል?» አሉኝ። ምንም አይቀርም ነበር፤ ኃይሉ በቀጥታ በቺፗ ላይ ይወርዳል። ከቁልፉ ጋር ኃይሉን የሚገታ አንድ ቋሚ ሬዚስተር አስቀደሙልኝና ሁለተኛዋን ቺፕ ራሳቸው በየዱ። አላሳቁብኝም። አያ ሙላት ጭሱን አይቶ «ምን ተቃጠለ?» ሲል «ምሳዬ» አሉት።

አርባ ሰባት ናኖ ፋራድ የሚይዘውን ካፓሲተር ነበር ያስገባሁት። በዚያ መጠን ድምፁ ከመቶ ሃምሳ ተነሥቶ በሰከንድ አሥር ሺህ ንዝረት ድረስ ይወጣል። ስልኬ ላይ ድምፅ በሚለካ ፕሮግራም እያየሁ ቁጥሮቹን በክብ ወረቀት ላይ ጽፌ ከቁልፉ ሥር ለጠፍኩ። ሳጥኑን የሠራሁት ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ሱቁ ውስጥ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔን በሩ ላይ ያቆሙኛል። ቁልፉን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። በየደረጃው «ይሰማሻል?» ይሉኛል። «አዎ።» መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አሥር ሺህ። በሚቀጥለው ሰኞም አሥር ሺህ። ለድምፅ ማጉያ መፈተሻ ደብተር ምን ያደርጋል ብዬ አስቤ ነበር። ጥንቁቅ ሰው ናቸው ብዬ ተውኩት።

መስከረም ከጠባ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሰኞ፣ ቁልፉ ስምንት ሺህ ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ።

«ቆመች» አሉ።

አልቆመችም ነበር። ድምፅዋ እንደ ስለት ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ቁልፉን መለሱት፤ እንደገና ወደ ላይ አዞሩት። ቀና ብለው አዩኝ። ያን ፊት ዛሬም አየዋለሁ። ሰው በጨለማ ደረጃ ሲወርድ አንድ እርከን የቀረ መስሎት እግሩ ባዶ ሲረግጥ የሚሆነውን ሆነዋል።

«ውቢት» አሉኝ፤ «ኢንጂነሯ» አላሉም። «ይሰማሻል?»

«አይ» አልኩ። «እኔም አይሰማኝም።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ፊታቸው ተመለሰ። «እንግዲያው ማሽኗ ናት። ጎበዝ፣ አስተካክያት።»

ይህን ስናገር ክፋት አላሰብኩም። የሽማግሌ ጆሮ መድከም ምን ብርቅ ነው፣ ለአንድ ድምፅ ማጉያ መፈተሻ ብዬ ለምን ፊት ለፊት አዋርዳቸዋለሁ አልኩ። ይህን የሚነግራቸው እኩያቸው ነው፣ ባለቤታቸው ናት፤ በሰዓቱ፣ በወጉ። እኔ ማን ነኝ?

አስተካክያት ግን ብለዋል። የሚስተካከል ነገር ደግሞ የለም። ማሽኗን ይዤ ሱቁ ጥግ ላይ ስቀመጥ መላው አንድ ብቻ እንደሆነ አየሁ። አርባ ሰባቱን ካፓሲተር ነቅዬ መቶ አስገባሁበት። ማሰሮዋ አደገች። አሁን ቁልፉ እስከ መጨረሻ ቢዞር ድምፁ አምስት ሺህ እንኳ አይሞላም፤ እሳቸው ደግሞ እዚያ ድረስ ይሰማሉ። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አልነካኋቸውም። የብየዳው ነጥብ በጣም ያማረ ነበር። ከዚያ በፊት እንደዚያ አሳምሬ በይጄ አላውቅም።

አበሯት። አዞሩ። እስከ መጨረሻ ሰሙ። «ምን ሆና ነው?» አሉኝ። «ሽቦ ላልቶ ነው» አልኩ። ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ አሥር ሺህ።

ለባለቤታቸው ለመናገር ሞክሬያለሁ። እትዬ ስንዱ ምሳ ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ ጠብቄ «እትዬ፣ ጋሼ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ያለ አይመስልዎትም?» አልኳቸው። ሳህኑን ይዘው ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! እኔ ስጠራው ከሠርጋችን ወዲህ ሰምቶኝ ያውቃል?» ሳቃቸው ተላለፈብኝና እኔም ሳቅሁ። ወሬው በዚያ አለቀ። መንገሩን የፈጸምኩ ያህል ቀለለኝ።

በጥቅምት ጎንደር ሥራ አገኘሁ። ስሰናበታቸው ጋሽ አስናቀ አንድ መበየጃ ሰጡኝ። «በቡድን አይደለም፤ ያንቺ ብቻ ነው» አሉኝ።

የተመለስኩት ለጥምቀት ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቤታቸው ነበር። እትዬ ስንዱ በር ላይ ተቀበሉኝና እንዳልገባ ክንዴን ያዙኝ። «እንዳትደነግጪ» አሉኝ። «ጆሮው ሄደ። ምንም አይሰማም።» ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገሩኝ፤ ስለ ሳንባቸው፣ ስለ መርፌው። ሳንባቸውን መርፌው አድኖላቸዋል። ግን፣ እትዬ ስንዱ ኋላ እንደሰሙት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነርሷ ለጋሼ «ይህ መርፌ ጆሮ ይነካል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። ያን ቀን ይንገሩን፣ መድኃኒቱን እንለውጣለን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን እናተርፋለን» ብላቸው ነበር። ጆሮ የሚለካበት መሣሪያ ደግሞ በአቅራቢያ አልነበረም።

«እሱ ምን አለ መሰለሽ?» አሉ እትዬ ስንዱ። «‹እኔ ራሴ ማሽን አለኝ፣ ኢንጂነር ሠርታልኛለች› አላቸው። በየሳምንቱ ሲጠይቁት ‹አሥር ሺህ ነው፣ ደህና ነኝ› ይላል። እስከ ኅዳር እንዲህ አለ። ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ ድፍን አለበት።»

ክንዴን እንደያዙ ነበሩ። የያዘኝ ሐዘን ብቻ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ነፍሱ ተርፋለች» አሉኝ።

ጋሽ አስናቀ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። የተጎዳው ሳንባቸው ያለፈውን ብርድ አልቻለም። በነዚያ ሁለት ዓመታት ሱቁን አልዘጉም። ድምፅ ማጉያውን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ መንቀጥቀጡን ይለዩ ነበር። ጥራቱን ግን ጣት አይለየውም፤ ደንበኛው ይቀንስ ጀመር። ሬዲዮ መናወጥ አልተዉም። ጆሯቸው ላይ አድርገው ያናውጡታል፤ ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ብሎን መፍቻውን ያነሣሉ። ያን ሳይ ወደ ውጭ እወጣ ነበር።

ለቅሶው ላይ አያ ሙላት የውሽማውን ቀልድ እያነሣ አለቀሰ። «በየቀኑ ተወግቶ ሲመጣ እየሳቅሁበት» ይላል። ሰዎች «አታውቅም፣ ምን ታደርግ» ይሉታል። እውነት ነው፤ አያውቅም ነበር። እኔም መርፌውን አላውቅም ነበር። ግን ድምፁን እሰማው ነበር። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ይህን ልዩነት ለማንም አልተናገርኩም።

ለእሳቸው ግን ተናግሬያለሁ። በዚያው በጥምቀት ማግስት ሱቃቸው ሄድኩ። ሰው የሚያናግራቸው ደብተር ላይ እየጻፈ ነበር፤ የሰኞ ቁጥሮች ያሉበት ያው ደብተር ነው። ብዕሩን አነሣሁ። ከዚያ ጻፍኩ፤ «ጋሼ፣ ያን ሰኞ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ማሽኗ አልተበላሸችም። ዝቅ እንድትል ካፓሲተሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

«ስንት አስገባሽበት?» አሉ። ድምፃቸውን መመጠን ስለማይችሉ ሱቁን ሞላው።

«100» ብዬ ጻፍኩ።

እርሳስ አነሡ። ያስተማርኳቸውን ስሌት ራሳቸው ሠሩት። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጠው፣ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን አሥር ሺህ በአንድ መስመር እየሰረዙ አጠገቡ አራት ሺህ ሰባት መቶ ጻፉ። መስከረም። ጥቅምት። ኅዳር። አልቸኮሉም። ሁሉም ሲያልቅ መጀመሪያ በሰረዙት መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ቢሆን ኖሮ የሚተርፈውን ያሰሉ መሰለኝ።

«ይቅርታ» የሚለውን ልጽፍ ደብተሩን ወደ እኔ ብስብ እጃቸውን ጫኑበት።

ሳጥኗን ከመደርደሪያ አወረዱ። ከፈቷት። መቶውን ነቀሉ፤ ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አርባ ሰባት ፈልገው በየዱ። አበሯትና የግራ እጃቸውን ጣቶች ድምፅ ማጉያው ላይ አሳርፈው በቀኛቸው ቁልፉን ያዞሩ ጀመር። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ቀጠነ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጥርሴን እስኪያመኝ ድረስ ሱቁን ሰነጠቀው።

«ይሰማሻል?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አትነቅንቂ! ተናገሪ!»

«አዎ» አልኩ።

«ከንፈርሽ አልተንቀሳቀሰም!»

«አዎ! ይሰማኛል!» ብዬ ጮህኩ። እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ዞሩ፤ አያ ሙላት የስፌት መኪናውን አቁሞ አንገቱን አወጣ።

ድምፁንም እኔንም የማይሰሙት ጋሽ አስናቀ አፌን ትኩር ብለው አዩት።

«ያን ሰኞ የጠየቅሁሽ ይህንኑ ነበር» አሉ።